ዝምተኛ ሁሉ ኢንትሮቨርት ነው ያለው ማነው?

ዛሬ ይቺን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ዳቦ ነው። አትሳቁ፤ የእውነት ዳቦ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ለሬዲዮ ኮርሳችን አምስት አምስት ሆነን የአምስት ደቂቃ ዘገባ እንድንሠራ ታዘን ነበር። እኛ ርዕስ ለመምረጥ ብዙ አልደከምንም። በዚያ ሰሞን "የካፌው ዳቦ አነሰ" የሚለው ወሬ ከዶርም ዶርም ይዞር ስለነበር እሱን ያዝን። ሥራ ስንከፋፈል የግሩፕ መሪያችን ወደ እኔ ዞር አለና "አንቺ ስክሪፕቱን ጻፊልን፤ ኢንትሮቨርት ስለሆንሽ ማይክ አይሆንሽም" አለኝ። ማይኩ ከመካከላችን ብዙ ለሚያወራው ልጅ ተሰጠ።

እውነቱን ልናገርና በሰዓቱ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ሰው ፊት መቅረጫ ደቅኖ መጠየቅ ያስፈራኛል። ስለዚህ የተሰጠኝ ስም ጥሩ መደበቂያ ሆነልኝ። የከፋኝ ማታ ነው። ዶርም ስገባ አንዷ ልጅ ሰውን በአሥራ ስድስት ዓይነት የሚከፍለውን ፈተና በስልኳ እየሞላች ነበር። የራሷን ስትጨርስ "ያንቺንም ልሙላልሽ" ብላ እኔን ሳትጠይቅ ስለ እኔ መለሰችልኝ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አራት ፊደል ሆንኩ። ከዚያ ለእኔ የሚመከሩትን ሥራዎች አነበበችና "እዚህ ውስጥ ጋዜጠኝነት የለም፣ ምን ይሻልሻል?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እንቅልፍ ግን ቶሎ አልወሰደኝም። ምክንያቱም በቅርቡ ፕሪንት ወይ ብሮድካስት ብለን ዘርፍ መምረጣችን ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን የመረጡልኝ መስሎ ተሰማኝ።

በማግስቱ ላይብረሪ ገባሁ። ኢንትሮቨርትና ኤክስትሮቨርት የሚሉትን ቃላት ሁላችንም እንደ ጨውና በርበሬ እንበትናቸዋለን እንጂ ከየት መጡ ብለን ጠይቀን አናውቅም። ጋዜጠኛ ደግሞ ምንጩን ሳያጣራ ቃል አይጠቀምም ተብለን ተምረናል።

ምንጩ ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ ነው። ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1875 ተወልዶ በ1961 ያረፈ ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት የሲግመንድ ፍሮይድ የቅርብ ባልደረባ ነበር፤ በ1913 አካባቢ ግን ተለያዩ። ከፍሮይድ ጋር ከእሱ በፊት የተለያየ ሌላ ሐኪም ደግሞ ነበር፤ አልፍሬድ አድለር ይባላል። ዩንግን ያስጨነቀው ጥያቄ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። ሁለት አዋቂ ሰዎች ያንኑ ዓይነት በሽተኛ አይተው እንዴት ሁለት የተለያየ ታሪክ ይዘው ይወጣሉ? ፍሮይድ የበሽተኛውን ችግር ከሌሎች ሰዎችና ነገሮች ጋር ባለው ትስስር ውስጥ ይፈልጋል። አድለር ደግሞ በሽተኛው ራሱ የበታችነት ስሜቱን ለማሸነፍ በሚያደርገው ትግል ውስጥ ይፈልጋል። ዩንግ "አንዱ ትክክል፣ ሌላው ስህተት" ብሎ አላለፈም። የተመልካቾቹ ዓይን የዞረበት አቅጣጫ ይለያያል አለ። ይህንን ሐሳብ አስፍቶ በ1921 በጀርመንኛ ባሳተመው ስለ ሰው ዓይነቶች በሚያወራው መጽሐፉ አቀረበው፤ እንግሊዝኛው ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ።

እንግዲህ ቃሉ ራሱ የላቲን ሥር አለው። "ኢንትሮ" ወደ ውስጥ፣ "ቨርት" ደግሞ መዞር ነው። ወደ ውስጥ የዞረና ወደ ውጭ የዞረ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። አፍ የሚባል ነገር የለበትም። እኛ ግን ወደ አማርኛ ስናመጣው "ዝምተኛ"፣ "ዓይን አፋር"፣ "ቁጥብ" እያልን አፍ ላይ አንጠለጠልነው። የሚገርመው አማርኛችን ለዚህ ነገር የተሻለ ቃል ነበረው፤ ሆድ። "በሆዱ ይዞታል"፣ "የሆዷን አልነገረችኝም" ስንል ስለ ወሬ ብዛት አናወራም። ሙሉ ቀን ሲያወራ ውሎ የሆዱን ያልነገረን ሰው ሞልቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዩንግ አቅጣጫውን ብቻውን አልተወውም። የሚዞር ነገር መኖር አለበት። የሚዞሩት ነገሮች አራት የአእምሮ ተግባራት ናቸው፤ ሕዋስ፣ ማሰብ፣ ስሜትና ኢንቱይሽን። የመጨረሻው በእኛ አማርኛ "ልቤ ነገረኝ" የምንለው ነው፤ እኔም ከዚህ በኋላ "ልብ" እለዋለሁ። እሱ ሲያስረዳ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሕዋስ አንድ ነገር መኖሩን ይነግረናል። ማሰብ ያ ነገር ምን እንደሆነ ይነግረናል። ስሜት ለእኛ ምን ዋጋ እንዳለው ይነግረናል። ልብ ደግሞ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይጠቁመናል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ "ስሜት" ማለት ማልቀስና መናደድ አይደለም። ይህ ደህና ነው፣ ይህ ደህና አይደለም ብሎ ዋጋ መስጠት ነው። ስለዚህ ዩንግ ማሰብንና ስሜትን ሁለቱንም ፍርድ ሰጪዎች አድርጎ በአንድ ወገን መደባቸው፤ ሕዋስንና ልብን ደግሞ ሳይፈርዱ የሚቀበሉ ናቸው ብሎ በሌላ ወገን።

አራቱ ተግባራት በሁለት አቅጣጫ ሲዞሩ ስምንት ይሆናሉ። በደረቁ ከምደረድራቸው በዳቧችን ላስረዳ።

ወደ ውጭ የዞረ ሕዋስ ያለው ዘጋቢ ካፌ ሲገባ ዳቦውን ያያል፤ ቀለሙን፣ ስፋቱን፣ ትኩስነቱን፣ እጁ ላይ ያለውን ክብደት። ወደ ውስጥ የዞረ ሕዋስ ያለው ደግሞ ዳቦው በእሱ ላይ የተወውን ያያል፤ የዛሬውን ዳቦ በውስጡ ካስቀመጠው ከአምናው ዳቦ ጋር ያስተያያል። ዩንግ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለው። ብዙ ሠዓሊዎች አንድን መልክዓ ምድር እንዳለ ለመሣል ቢቀመጡ ሥዕሎቻቸው አንድ አይሆኑም፤ ከሚታየው ነገር ጋር የሚያየው ሰው አብሮ ይገባበታልና።

ወደ ውጭ የዞረ ማሰብ የግራሙን ልክ፣ የበጀቱን ወረቀት፣ የተማሪውን ቁጥር ይሰበስባል፤ መነሻውም መድረሻውም ሁሉም ሰው ሊያየው የሚችል ማስረጃ ነው። ወደ ውስጥ የዞረ ማሰብ ግን "ቆይ፣ አነሰ ማለት ራሱ ምን ማለት ነው? ክብደቱ ነው፣ ስፋቱ ነው ወይስ የእኛ ረሃብ ጨምሮ ነው?" ብሎ ሐሳቡን ያጠራል። ዩንግ ለመጀመሪያው ዳርዊንን፣ ለሁለተኛው ፈላስፋውን ካንትን ምሳሌ አድርጎ ጠቅሷል።

ወደ ውጭ የዞረ ስሜት የቤቱን አየር ያነባል። ተማሪው ተቆጥቷል፣ ሠራተኞቹ ተሸማቀዋል፣ እንዴት ብንጠይቅ ነው ማንም የማይከፋው ይላል። ወደ ውስጥ የዞረ ስሜት በራሱ ሚዛን ይዳኛል። ሁሉም ሲቆጣ እሱ ላይቆጣ ይችላል፤ ሁሉም በተወው ነገር ግን እሱ ሌሊቱን ያድራል። ከውጭ ሲያዩት ቀዝቃዛ ይመስላል። ዩንግ ራሱ አንዱ ዘፋኝ ስለተጨበጨበለት የሚያደንቅና ሌላው ደግሞ ሁሉም ስላጨበጨበ ብቻ አላደንቅም የሚል ሰው አምጥቶ ልዩነቱን አሳይቷል።

ወደ ውጭ የዞረ ልብ ከአንድ ዳቦ አምስት ዘገባ ይታየዋል፤ የስንዴ ዋጋ፣ ጨረታ፣ የግቢው ሱቆች ገቢ... አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፤ ዘርቶ ለአጨዳ የማይቆይ ዓይነት ነው። ወደ ውስጥ የዞረ ልብ ደግሞ አንድ ምስል ይዞ ይቀራል፤ "ይሄ የዳቦ ነገር አይደለም፣ ሌላ ነገር አለው" ይላል፤ ምን እንደሆነ ግን ለመናገር ይቸገራል።

ስምንቱን አንብባችሁ ጨረሳችሁ? የትኛው ላይ ነው "ብዙ ያወራል" ወይም "አያወራም" የሚል ያገኛችሁት? የትም የለም! በዚያ ላይ ዩንግ ሁላችንም ሁለቱም አቅጣጫ አለን፤ ዓይነት የምንለው አንዱ ሲያዘወትር ነው ይላል። ፍጹም ወደ ውስጥ ብቻ ወይም ፍጹም ወደ ውጭ ብቻ የዞረ ጤነኛ ሰው የለም።

አሁን ወደ ግሩፓችን ልመልሳችሁ። ማይኩን የያዘው ልጅ ቀርጾ መጣ። ቁጭ ብለን ስናዳምጠው ከአሥራ አንዱ ደቂቃ ውስጥ ተማሪዎቹ የተናገሩት ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የቀረው የእሱ ድምፅ ነው። ልጁን ለማማት አይደለም፤ ጎበዝ ልጅ ነው። የሚያወራውም ዝም ብሎ ወሬ አልነበረም። "ማነስ ስትሉ በምን ለክታችሁ ነው?" እያለ የራሱን ሐሳብ ሲያጠራ ነበር። እንግዲህ በዩንግ ሚዛን ይህ የግቢያችን ቁጥር አንድ ተናጋሪ ወደ ውስጥ የዞረ ማሰብ ያለው ሰው አይደለም ትላላችሁ?

እኔ በዚያ ሰዓት ስክሪፕት ልጽፍ በኩሽናው በር አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ዳቦ የሚጋግሩ እናት ለእረፍት ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ብዙም አልተናገርኩ፤ "እናቴ፣ ደክሞዎታል?" ብቻ ነው ያልኳቸው። እሳቸው ናቸው የጀመሩት። "ልጄ፣ ዳቦው አነሰ ትሉናላችሁ፤ እኛ ሊጡን የምንቆርጠው እንደ ድሮው ነው። ዱቄቱ ነው የተለወጠው። አይነሳም" አሉኝ። ይታያችሁ፣ ይህ ማለት ዳቦው ለዓይን አንሷል፣ በሚዛን ግን ላያንስ ይችላል ማለት ነው። የዘገባችን ቁልፍ እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። የእኔ ዓይንና ጆሮ ሙሉ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞሯል። አፌ ግን ዝግ ነበር። መቅረጫም በእጄ አልነበረም፤ "አይሆንሽም" ተብያለሁና።

ለግሩፑ ስነግራቸው መሪያችን "ድምፃቸው የለንም፣ ለሬዲዮ ምን ያደርግልናል?" አለ። ተመልሼ ልሂድና ልቅረጽ አላልኩም። ለምን? ኢንትሮቨርት ነኛ! ዘገባው "ዳቦው አንሷል" ብሎ ክፍል ውስጥ ተሰማ። መምህራችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ "ማን መዘነው?" አምስታችንም ጸጥ። የድሮውን ዳቦ እንዳንመዝን ደግሞ ተበልቷል። ያ ጸጥታ አሁንም ያሳፍረኛል። የግሩፕ መሪውን ስወቅስ ከርሜ በኋላ የገባኝ ግን የተሰጠኝን ስም ከሁሉም በላይ የተጠቀምኩበት እኔ ራሴ መሆኔ ነው። ማይኩን ሲከለክለኝ ስሙን ሰበብ አድርጌ ደስ አለኝ፤ መቅረጽ ሲገባኝም ስሙን ሰበብ አድርጌ ቀረሁ።

ያ የአራት ፊደል ነገርስ? እሱ ደግሞ የዩንግ አይደለም። ካተሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ የሚባሉ አሜሪካውያን የዩንግን መጽሐፍ አንብበው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መጠይቅ ማዘጋጀት ጀመሩ። በ1962 የአሜሪካ የትምህርት ፈተናዎች አዘጋጅ ድርጅት ለምርምር አሳተመው። እነሱ በዩንግ ላይ የፍርድና የመቀበልን ፊደል ጨምረው ዓይነቶቹን አሥራ ስድስት አደረሷቸው። ዛሬ በስልካችን በነጻ የምንሞላቸው አብዛኞቹ የዚያ መጠይቅ ቅጂዎች እንጂ ራሱ መጠይቁ አይደሉም።

ከኢዛቤል ማየርስ ግን አንድ የወደድኩት ምሳሌ አለ። የአንድ ሰው ዋና ተግባር እንደ ጄኔራል ነው፣ ረዳቱ ደግሞ እንደ ረዳት መኮንን። ኤክስትሮቨርት ዘንድ ጄኔራሉ ውጭ ቆሞ ያነጋግራችኋል። ኢንትሮቨርት ዘንድ ጄኔራሉ ድንኳን ውስጥ ሆኖ የሚያነጋግራችሁ ረዳቱ ነው። ያገኛችሁት ረዳቱን ከሆነ "ይህ ሰው ይኸው ነው" ብሎ መደምደም ስህተት ይሆናል። ለቃለ መጠይቅ አድራጊ ከዚህ የተሻለ ምክር ያለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ሚዛናዊ ልሁን። ሌላውንም ወገን ካልሰማሁ ምኑን ጋዜጠኛ ሆንኩ? ስምንቱ ተግባራት ለውይይት ይመቻሉ እንጂ በምርምር ጠንካራ ድጋፍ አላገኙም። ሮበርት ማክሬና ፖል ኮስታ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1989 የዚህን መጠይቅ ውጤቶች ፈትሸው ሰውን በተለዩ ዓይነቶች መክፈሉ እንደማይደገፍ ጽፈዋል። ዴቪድ ፒተንገር ደግሞ በ1993 ከአምስት ሳምንት በኋላ ፈተናውን ደግመው ከሚወስዱት ውስጥ እስከ ግማሽ የሚደርሱት ሌላ ዓይነት ሊወጣላቸው እንደሚችል አሳይቷል። አሁን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በብዛት የሚጠቀሙበት አምስቱ ታላላቅ ጠባያት የሚባለው መለኪያ ሰውን በሁለት ሳጥን አይከትም። ኤክስትሮቨርት መሆን እንደ ቁመት ነው፤ ከአጭር እስከ ረጅም የተዘረጋ መስመር ሲሆን አብዛኛው ሰው ወደ መሀሉ ነው። እዚያ መለኪያ ላይ ደግሞ ተናጋሪነት በእርግጥ ይቆጠራል። ስለዚህ የግሩፕ መሪያችን በዚያኛው ሚዛን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ግን እዚያም ቢሆን ዓይን አፋርነት ፍርሃት ነው፤ ብቻን መሆን መውደድ ደግሞ ሌላ። የእኔ ችግር የመጀመሪያው ነበር። ፍርሃት ደግሞ በልምምድ የሚቀንስ ነገር ነው፤ "ተፈጥሮሽ ነው" ሲባል ግን ልምምዱ ይቀራል።

"ፊደሉ'ኮ ልክ እኔን ነው የገለጸኝ!" የምትሉ ካላችሁ ደግሞ በርትራም ፎረር የሚባል መምህር በ1948 ያደረገውን ስሙ። ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጠና "የየግላችሁ ውጤት ነው" ብሎ ወረቀት አደላቸው። ተማሪዎቹ ወረቀቱ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከአምስት ነጥብ ሲሰጡ አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ሲታይ ለካ ለሁሉም የታደለው አንድ ዓይነት ወረቀት ኖሯል!

ታዲያ ይህን ሁሉ ጽፌ ምን ፈለግሁ? ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በግሩፕ ሥራ ላይ ማይኩ፣ ስክሪፕቱና ኤዲቲንጉ በዙር ይሁን። ተናጋሪው መጻፍን፣ ዝምተኛዋ መጠየቅን የምትለማመደው እዚህ ካልሆነ የት ነው? መምህራኖቻችንም ይህን እንደ ደንብ ቢያወጡልን ጥሩ ነው። ሁለተኛ፣ ዘርፍ ስንመርጥ እርስ በርስ "አንተ ለዚህ አትሆንም" መባባሉን እንተው። አራት ፊደል መታወቂያ አይደለም። ሦስተኛ፣ ስምንቱን ነገሮች ሰውን ለመፈረጅ ሳይሆን ዘገባን ለመፈተሽ እንጠቀምባቸው። ምን አየሁ? በፊት ከማውቀው ምን ተለየ? ማስረጃው ምንድነው? ቃሉ ራሱ ምን ማለት ነው? ሰዉ ምን ተሰማው? እኔስ ምን ተሰማኝ? ወዴት ይሄዳል? ከኋላው ምን አለ? እነዚህን ስምንት ጥያቄዎች ይዘን ቢሆን ኖሮ አንዳችን ሚዛን እናመጣ ነበር።

እኔ በዚህ ሴሚስተር ማይክ ይዣለሁ። የመጀመሪያ ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር በቅጂው ላይ ኮሽ ኮሽ የሚል ድምፅ ገብቶበታል። ያነጋገርኳቸው ሰው ግን ብዙ አወሩ፤ እኔ ዝም ስል ያወራሉ። ፕሪንት ወይስ ብሮድካስት የሚለውን ገና አልወሰንኩም። ስወስን ግን ወሳኟ እኔ ነኝ።

ያቺን ዱቄቱ ተለወጠ ያሉኝን እናት ደግሞ በዚያ ሰሞን ፈልጌያቸው በሌላ ፈረቃ ናቸው አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት መቅረጫ ይዤ እመለሳለሁ።

ቸር ይግጠመን!